ሰባተኛው ብልቃጥ

ንቢት ወደ ሬዲዮ ጣቢያ የሄደችው የአለቃዋ የፕሮፌሰሩ ድምፅ ስለተዘጋ ነው። እሳቸው ቢሄዱ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ እንደነበር በኋላ ስንቴ ለራሷ ነግራዋለች። ግን ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው በሹክሹክታ፣ «አንቺ ሂጂልኝ፤ አሥር ደቂቃ ናት፣ ምን አላት?» አሏት፤ ሄደች።

ንቢት አባቷ ያወጡላት የቤት ስም ነው። ልጅ ሆና አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። አባቷ ካለፉ ስንት ዓመታቸው፤ ስሙ ግን ተከትሏት መሥሪያ ቤት ድረስ ገብቶ፣ አርባ ዓመት የሞላትን የዕፅዋት ኬሚስት ከዘበኛው እስከ ፕሮፌሰሩ ንቢት ይሏታል። እውነትም ምሳዋን የምትበላው ቆማ ነው። ስልክ ስታወራ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትለካዋለች። ወንበሯ ከመጣ አምስት ዓመቱ ነው፤ ባልደረቦቿ «ላስቲኩ ገና አልተነሳለትም» እያሉ ያሾፉባታል።

የምትሠራው በአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ላይ ነው። ቁጥቋጦው ብርቅ አይደለም፤ ግማሹ ሰፈር ግቢውን ያጠረው በእሱ ነው። ከመምረሩ የተነሳ ፍየል እንኳ አትደርስበትም። ንቢትና ባልደረቦቿ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያደርቁት፣ ሲፈጩት፣ በአልኮል ሲዘፈዝፉት፣ ሲያተኑትና ሲያጣሩት ኖረዋል። በመጨረሻ ውስጡ ያለውን ሁሉ ለያይተው አሥራ ሁለት ብልቃጥ ሞሉ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ሰባተኛው፣ ጉድ ይዞ ተገኘ።

ጉዱ እንዲህ ነው። ለካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሕመምተኞች በመልኩ «ቀዩ» የሚሉት፣ ዕጢውን እንደሚቀጣ ሁሉ ልብንም ይጎዳል። ካንሰሩን አሸንፎ ልቡ የሚደክምበት ሰው አለ። ንቢት በአይጥ የልብ ህዋሳት ላይ ቀዩን ስታፈስ ህዋሳቱ በሁለት ቀን ይረግፋሉ። አስቀድማ ከሰባተኛው ብልቃጥ ጠብ ካደረገችባቸው ግን፣ ቀዩ መጣም አልመጣም፣ ማይክሮስኮፑ ሥር ትር ትር ማለታቸውን አይተዉም። በሌላ ሙከራ ደግሞ ሰባተኛው ብቻውን የካንሰር ህዋሳትን እርባታ አዘግይቷል። ልብ ይጠብቃል፣ ካንሰር ይከላከላል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገብተው ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፉባት። ልትናገር ያሰበችውን ቅደም ተከተል አስይዛ ነበር፤ ይህ ሁሉ የታየው በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ እንደሆነ፣ ሰው ላይ እንዳልተሞከረ፣ ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው። ጋዜጠኛው ግን ስለ ልጅነቷ ጠየቃት፣ ስለ ስሟ ጠየቃት፣ ሳቀ፣ አሳቃት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየና፣ «ጊዜያችን አልቋል፤ እስቲ ለአድማጮቻችን በአንድ ዓረፍተ ነገር?» አላት።

እናቷና ታላቅ እህቷ ሬዲዮኑ ሥር ጆሯቸውን ቀስረው እንደተቀመጡ ታውቃለች። አፏ ቀደማት።

«ልብን የሚጠብቅ፣ ካንሰርን የሚከላከል ነገር ከደጃችን በቅሎ አግኝተናል» አለች።

ደስ ብሏት ወጣች። አውቶቡስ እንኳ ሳትጠብቅ በእግሯ ተመለሰች። መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ግን ሳህን የሚለውን ቃል አንዴም እንዳላነሳችው ትዝ አላት። «ነገ ደውዬ አስተካክለዋለሁ» አለች። ነገ ሌላ ሥራ መጣ።

ታላቅ እህቷን እታለም ነው የምትላት። እታለም ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም። ሃያ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰፈር ልጆችን ትከሻ ስትለካ ኖራ፣ አሁን የልጆቹን ልጆች መለካት ጀምራለች። ከሦስት ወር በፊት ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሟ መጀመሪያ እናሳንሰው፣ ከዚያ እንቆርጠዋለን ብላ በየሦስት ሳምንቱ ቀዩን አዘዘችላት። ንቢት የመድኃኒቱን ስም ስትሰማ ማዘዣውን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው። ስድስት ዓመት ልብ ሲያረግፍ ያየችው ያ ቀይ ፈሳሽ አሁን በእህቷ ክንድ ሊገባ ነው።

ከሬዲዮኑ በኋላ ባለው እሑድ እንደ ልማዷ እናቷ ቤት ሄደች። እታለም ከታመመች ወዲህ ሱቋን ዘግታ እዚያው ገብታለች። ፀጉሯ ስለረገፈ ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቆብ ደፍታ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። እናትየው በጎን ካሮት ይልጣሉ።

«ዶክተሯ በአልትራሳውንድ አየችና ልብሽ ትንሽ ደክሟል አለችኝ» አለች እታለም፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

«ስንት ሆኗል? ቁጥሩን አልነገረችሽም?»

«ቁጥሩ ምን ይሠራልኛል? ደረጃ ስወጣ እኔው አውቀዋለሁ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ከዚያ ቅጠልሽ ትንሽ ብትሰጪኝስ?»

«አይሆንም፣ እታለም። ገና ነው። ሰው ላይ አልተሞከረም።»

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ሞክሪኛ!»

እህትማማቾቹ ሳቁ። እናትየው ግን አልሳቁም፤ ካሮቱን እየላጡ ቀሩ።

እታለም ቀጠለች። «እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ኮት ስሰፋ ኮቱ ለዳኛውም ለሌባውም እኩል ይሞቃል። ያንቺ ቅጠል ልቤን ከቀዩ የሚጠብቅልኝ ከሆነ፣ ይሄንን ዕጢስ አይጠብቅብኝም?»

ንቢት እየተንጎራደደች ነበር። «የለም፣ ዕጢውንማ ያዳክመዋል። ለብቻው ሞክረነው አይተናል» አለች ቶሎ ብላ። ጥያቄው ያለፈ መስሏት ወሬ ቀየረች።

አላለፈም። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትመለስ «ለብቻው» ያለችው ቃል ጥርሷ መሃል እንደገባ ነገር አላስቀምጥ አላት። ልብ ከቀዩ ጋር አይተዋል። ዕጢ ከሰባተኛው ጋር አይተዋል። ዕጢ፣ ቀዩና ሰባተኛው ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ማንም አላየም። ስድስት ዓመት! ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ እየተከለች የጠየቀችውን እነሱ አልጠየቁትም።

በማግሥቱ በጠዋት ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

«መደረጉማ አለበት» አሉ ፕሮፌሰሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን በሞላ ቅጠል ሲፈጩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ በትልቅ ጉባኤ ላይ ይህን ግኝት ሊያቀርቡ ቀን ይቆጥራሉ። «ከጉባኤው በኋላ እንሠራዋለን። አሁን አዲስ ነገር ከጀመርን የያዝነውንም ሳንጨርስ እንቀራለን።»

«እሺ» አለች። ወጥታ በቀጥታ ጋሽ ሚዛን ዘንድ ሄደች።

ጋሽ ሚዛን የቤተ ሙከራው አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሻያቸው ውስጥ ስኳር እንኳ በሚዛን ነው የሚጨምሩት ተብሎ ነው፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። ነገሩን አዳምጠው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ወለወሉ።

«ፕሮፌሰሩ ያውቃሉ?»

«ከጉባኤው በኋላ ብለዋል።»

«ከጉባኤው በፊት አትሥሩ ብለዋል?»

«እንደሱ አላሉም።»

«እንግዲያው አልሰማሁም» አሉ ጋሽ ሚዛን። «ግን አንድ ነገር። እህትሽ ታማብሻለች። ዓይንሽ የፈለገውን ነው የሚያይልሽ። ስለዚህ ሳህኖቹ ላይ እኔ ቁጥር እጽፋለሁ፤ የትኛው ምን እንደያዘ የሚናገረው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይቆያል። ቆጥረሽ ስትጨርሺ ነው የምንከፍተው።»

እንደዚያው ሆነ። የጡት ካንሰር ህዋሳትን በሳህኖቹ ጥቃቅን ጉድጓዶች ዘሩ። ጋሽ ሚዛን ብቻቸውን ገብተው ለአንዱ ቀዩን ብቻ፣ ለሌላው ሰባተኛውን ብቻ፣ ለሌላው ሰባተኛውን አስቀድመው ቀዩን አስከተሉ። ሳህኖቹ ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ የሚቆዩት ሦስት ቀን ነበር። ሦስቱንም ቀን ንቢት እንደ እሳት ላይ ውሃ ተንተከተከች። የማይጎድል ውሃ ትሞላለች፣ የታጠበ ብልቃጥ ታጥባለች። የሳጥኑን የሙቀት ቁጥር በየሩብ ሰዓቱ እየሄደች ታያለች፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያው ነው። በአራተኛው ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ፣ መቁጠሪያዋን በአውራ ጣቷ ቀጭ ቀጭ እያደረገች ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ቆጠረች። ጋሽ ሚዛን ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ።

ቀዩ ብቻ ከገባባቸው ህዋሳት ከመቶው በሕይወት የተገኙት አሥራ ስምንት ናቸው። ሰባተኛው ቀድሞ የገባባቸው ደግሞ ስልሳ አንድ።

«ተሳስቻለሁ» አለች ንቢት።

«ሊሆን ይችላል። እንድገመው።»

ደገሙት። ሃያና ሃምሳ ስምንት። ለሦስተኛ ጊዜ ሠሩት፤ በዚህኛው እንዲያውም አዲስ ህዋስ፣ አዲስ መድኃኒት፣ ሌላ ሰው ያጠበው ሳህን ተጠቀሙ። አሥራ ሰባትና ስልሳ ሦስት። አምስት ሳምንት ተኩል ሄደ። በዚህ መሃል እታለም ሁለት ጊዜ ቀዩን ወስዳለች፤ ንቢትም በየእሑዱ እየሄደች የእህቷን ዓይን ሳታይ ወጥታለች።

ሦስተኛው ቁጥር የወጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ጋሽ ሚዛን ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ንቢት ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለችው። የት እንደምትሄድ ሳታስብ ደረጃውን ወረደች፣ አውቶቡስ ያዘች። ራሷን ያገኘችው እናቷ በር ላይ ነው።

በሥራ ቀን መጥታ አታውቅም። በሩ ገርበብ ብሏል። እናትየው ማድ ቤት ውስጥ ቆመው አንድ አረንጓዴ ውሃ በነጠላ ጨርቅ ላይ እያጠለሉ ወደ ብርጭቆ ያወርዳሉ። እንፋሎቱ አፍንጫዋን ሲነካው ንቢት ክው አለች። ያንን ሽታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የእርጥብ ብረት ሽታ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነው። ስድስት ዓመት ልብሷ ውስጥ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ኖሯል። ለካስ በየእሑዱ እዚህ ቤት ሲሸታት የራሷ ጠረን እየመሰላት ነው ያለፈችው።

«እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

እናትየው ደንገጥ አሉ፤ ግን አልደበቁትም። «ምን ይሆናል? ቅጠልሽ ነዋ! ከአጥሩ ቆርጬ።»

«ለማን?»

«ለማን ይመስልሻል?»

እታለም ሰማያዊ ቆቧን እንደደፋች ከጓዳ ወጣች። «እንዳትቆጪያት። እኔ ነኝ ያስፈላኋት። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ። ደግሞ ተሽሎኛል፤ ደረጃ ስወጣ ያ ልቤን የሚያፍነኝ ነገር ትቶኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሬዲዮኑ በኋላ፣ አይሆንም ካልሽኝ እሑድ ወዲህ።»

ንቢት ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ብርጭቆውን ከእናቷ እጅ ነጥቃ ውሃ መውረጃው ላይ ደፋችው። አረንጓዴው ውሃ ዞሮ ዞሮ ወረደ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?» አሉ እናትየው።

«ዕጢውን እየጠበቀው ነው፣ እማዬ። መድኃኒቱ እንዳይነካው ይጠብቀዋል። ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ዛሬ ነው ያረጋገጥኩት።»

እናትየው ማጥለያውን ጨርቅ አስቀመጡ። ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት ብቻ ክዳኑን ያንቃጭላል።

«ልብን የሚጠብቅ፣ ካንሰርን የሚከላከል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» አሉ እናትየው። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ከደጃችን በቅሎ ያልሽው አንቺ አይደለሽም? እኔ ደጄ ሄጄ አየሁ፤ እውነትም በቅሏል።»

ንቢት ባዶውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ወደ እህቷ ዞረች።

«እኔ ደግሞ ጠይቄሻለሁ» አለች እታለም በቀስታ። «ዕጢውንስ አይጠብቅብኝም ወይ ብዬሻለሁ። ያዳክመዋል አልሽኝ።»

«ብዬሻለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። የማላውቀውን ነው የተናገርኩት።»

እታለም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቆቧን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገችና ስፌቱን በጣቷ ትዳብሰው ጀመር። «ይሁን፤ አሁን ለዶክተሯ ማን ይነግርልኛል?» አለች። «እኔ አፈርኩ።»

«አብረን እንነግራታለን።»

ዶክተሯ በማግሥቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተቀበለቻቸው። ጠይም፣ ፈጣን፣ ሰው ሲናገር እጆቿን አጣምራ የምታዳምጥ ሴት ናት። እታለም ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ተናገረች። ንቢት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች። ዶክተሯ አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አኖረችው።

«ከታካሚዎቼ ግማሾቹ አንድ ነገር ይጠጣሉ። የሚነግረኝ የለም። እኔም ጠበቅ አድርጌ አልጠይቅም፤ ደጅ ላይ አርባ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል» አለች። ከዚያ እታለምን ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ይዛት ገባች።

ሲወጡ ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ዘረጋች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ዕጢው በግማሽ አንሶ ነበር። በኋለኞቹ ሁለት ዙሮች ግን ባለበት ቆሟል። ልቧን ደግሞ አየችው፤ ልቧ ከዚያ ወዲህ አልደከመም፣ እንዲያውም ትንሽ በርትቷል።

«ቅጠሉ ነው?» አለች ንቢት። ከሥዕል ሥዕል ዓይኗ ይዘላል።

«ሊሆን ይችላል። ዕጢው መድኃኒቱን ለምዶትም ሊሆን ይችላል፤ ያለ ቅጠልም እንዲህ ይሆናል። በአንዲት ሴት ማወቅ አይቻልም፣ እህቴ።» ወደ እታለም ዞረች። «እኔ የማውቀው ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደሌለብን ነው። ቀዩን እናቆማለን። በሚመጣው ሳምንት ይቆረጣል።»

እታለም ራሷን ነቀነቀች። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ የንቢትን ክንድ ያዘች። «እንግዲህ ይሄ የኔ ነው፤ ይቆረጣል። የሌሎቹስ? ሬዲዮ ያለው እኛ ቤት ብቻ አይደለም።»

ንቢት ያንን ነገር ከትናንት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ይዛዋለች።

ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ፊት ቆመች። ጉባኤው ሰባት ቀን ቀርቶታል። ሦስቱን ሠንጠረዦች አንድ በአንድ አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይሄ የሳህን ውጤት ነው። ሰው ሌላ ነው» አሉ።

«ሬዲዮ ላይ የተናገርኩትም የሳህን ውጤት ነበር። ያኔ ግን ሳህን ነው አላልንም።»

«ሰባት ቀን ታገሺ ነው የምልሽ። ጉባኤው ይለፍና በሥርዓቱ እናወጣዋለን።»

«በሰባት ቀን አንድ ሰው አሥራ አራት ብርጭቆ ይጠጣል፣ ፕሮፌሰር።»

«ስድስት ዓመት!» አሉ እሳቸው፤ ለሷ ሳይሆን ለመስኮቱ የሚናገሩ ይመስላሉ። «ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ ንቢት።»

አዘነችላቸው። ቢሆንም ወጣች። ጋዜጠኛው ዘንድ ደወለች፤ ነገሩ ዜና መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ደጅ ጠናች። «በቃ ቅጠሉ አይሠራም ነው የምትይው?» አላት። «አይሠራም አላልኩም» አለችው፤ «የሚሠራው ነገር ለማን እንደሚሠራ አልጠየቅንም ነበር።» አሥር ደቂቃ ለመነችው፤ ሦስት ፈቀደላት። እታለምን አስቀድማ ጠየቀቻት። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ተናገሪ» አለቻት።

ዓርብ ጠዋት ያችው ጠባብ ክፍል ገባች። በዚህኛው ጊዜ ቃሏን ወረቀት ላይ ጽፋለች፤ ከወረቀቱም ቀና አላለችም።

«ከሁለት ወር በፊት እዚህ ክፍል ሆኜ፣ ልብን የሚጠብቅና ካንሰርን የሚከላከል ቅጠል አግኝተናል ብዬ ነበር። ያየነው ግን ሰው ላይ አይደለም፤ በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ባሉ ህዋሳት ላይ ነው። አሁን ደግሞ ያው ቅጠል የካንሰሩንም ህዋስ ከመድኃኒቱ ሲጠብቀው አይተናል። የካንሰር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች እባካችሁ አትጠጡት። የጠጣችሁ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አትፈሩ። የኔም እህት ጠጥታዋለች።»

ፕሮፌሰሩ ሦስት ቀን አላነጋገሯትም። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ በጎን ያልፋሉ። ማክሰኞ ግን፣ ጉባኤው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጋዋናቸውን ለብሰው ቤተ ሙከራው ገቡ። «የሦስተኛውን ዙር ሳህኖች አውጡልኝ» አሉ። ጋሽ ሚዛን በቀለም አድርቀው ያቆዩአቸውን፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸውን ሳህኖች አቀረቡላቸው። ፕሮፌሰሩ ከሰዓቱን በሞላ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ቆጠሩ። ሲጨርሱ አሥራ ስድስትና ስልሳ አራት አገኙ።

«አንቺ አሥራ ሰባትና ስልሳ ሦስት ነው ያልሽው» አሏት። «ዓይኔ ካንቺ ይሻላል ማለት ነው።» የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነበር፤ የሳቀ የለም። በማግሥቱ በጉባኤው ላይ ሦስቱንም ሠንጠረዥ አቀረቡ። አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር ተባለ። አንዲት ወጣት ተመራማሪ ግን ቆማ፣ «እኛም አንድ ተመሳሳይ ነገር ይዘናል፤ ሦስቱን አንድ ላይ አልሞከርነውም። ሳንሞክር አንሄድም» አለች። ፕሮፌሰሩ ከመላው ጉባኤ ያወሩት ይህችን ብቻ ነው።

የእታለም ቀዶ ሕክምና የዋለው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ንቢት በኮሪደሩ ላይ ሄደች መጣች፣ ሄደች መጣች፤ ወለል የምትወለውል ሴትዮ በመጨረሻ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ «የኔ እመቤት፣ እርጥቡን በጫማሽ እያደረቅሽልኝ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። ከስምንት ሰዓት በኋላ ዶክተሯ ወጣች። ዕጢው ከነሥሩ ወጥቷል። በብብቷ ሥር ግን ሁለት ንፍፊቶች በካንሰሩ ተነክተው ተገኝተዋል፤ ሌላ መድኃኒት፣ ልብ የማይነካ፣ ትቀጥላለች።

«ቅጠሉን ባትጠጣ ሁለቱ አይነኩም ነበር?» አሉ እናትየው፤ እንደዚህ በቀጥታ ይጠይቃሉ ብላ ንቢት አልጠበቀችም።

«አላውቅም፣ እናቴ» አለች ዶክተሯ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ የሚያውቅ የለም።»

እናትየው ይህን መልስ ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ንቢት በማግሥቱ ለእታለም ልብስ ልትወስድ ስትሄድ፣ እናቷ በመጥረቢያ አጥሩን ሲፈጁት ደረሰች። ግማሹ ግቢ ተራቁቶ ጎዳናው ወለል ብሎ ይታያል። እጃቸው ደምቷል።

«እማዬ! እማዬ፣ ተይ!»

«በእጄ እኮ ነው ያጠጣኋት» አሉ። «በገዛ እጄ አጥልዬ። ስኳር እየጨመርኩ!»

ንቢት መጥረቢያውን ቀስ አድርጋ ከእጃቸው አወጣችው። ልታጽናናቸው ቃል ፈለገች፤ የመጡላት ቃላት ሁሉ ማረጋገጥ የማትችላቸው ሆኑባት። ስለዚህ ያረጋገጠችውን ብቻ ተናገረች። «ቅጠሉን ያስቆረጥኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ያመንሽው ልጅሽን ነው።» ከዚያ እጃቸውን በሞቀ ውሃ አጠበችላቸው፣ እሾሁን ነቀለችላቸው። እናትየው ልጃቸው ትከሻ ላይ አለቀሱ፤ ከዚያ የእታለምን ፒጃማ ሊተኩሱ ተነሡ።

በዚህ ሁሉ መሃል የቤተ ሙከራው ስልክ ዝም አላለም። ከዓርቡ ሬዲዮ ጀምሮ ሰዎች ይደውላሉ። ይቺን የሚመስል ቅጠል ነው ወይ የሚሉ አሉ። ሕመም የሌላቸው፣ ለደህንነት ነው የጠጣነው የሚሉ አሉ። የሚሳደቡ አሉ። ጋሽ ሚዛን ሁሉንም በሰላ ጽሕፈታቸው ይመዘግባሉ፦ ማን ጠጣ፣ ስንት ጊዜ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር። በሁለተኛው ሳምንት ቀዩን እየወሰዱ ቅጠሉን የጠጡ አርባ ሦስት ሰዎች ተቆጠሩ። ንቢት ዝርዝሩን ለዶክተሯ ስታሳያት ዶክተሯ መነጽሯን ከፍ አደረገች።

«በአንዲት ሴት ማወቅ አይቻልም ብዬሽ ነበር» አለች። «በአርባ ሦስት ግን መጀመር ይቻላል። የልባቸውንና የዕጢያቸውን ሥዕል እኔ ከሆስፒታሎቹ እሰበስባለሁ። አንቺ ሰዎቹን አነጋግሪ፤ በፈቃዳቸው፣ በየቤታቸው። በስልክ ሰው እውነቱን አይናገርም።»

እታለም በሁለተኛው ወር ሱቋን ከፈተች፤ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ። አዲሱ መድኃኒት ጣቷን ስለሚያደነዝዘው መርፌ ይወድቅባታል፤ ስትራገም ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ድና እንደሆነ የነገራት የለም። በየሦስት ወሩ ትታያለች፤ በየሦስት ወሩ ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ንቢትን ይቅር ብዬሻለሁ ብላት አታውቅም፤ አዲስ ኮት ግን ሰፋችላት፣ ብዙ ኪስ ያለው፣ ለየቤቱ ስትዞር ወረቀቷን የምትይዝበት።

ንቢት መጀመሪያ የሄደችው ከዝርዝሩ አሥራ አንደኛ ወዳለው ሰው ቤት ነው፤ ቅርብ ስለሆነ። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቅጠሉን የጠጣችው ሚስቱ ናት፤ ከዓርቡ ሬዲዮ አራት ቀን በፊት አርፋለች። ይህን በስልክ አልተናገረም። በሩን ከፍቶ፣ እሷ ማን እንደሆነች ከነገረችው በኋላ ነው የተናገረው።

«ድምፅሽን አውቄዋለሁ» አላት። «የመጀመሪያውን ጊዜም ሰምተነዋል፣ ሁለታችንም። ቅጠሉ ነው የገደላት?»

ንቢት ፈትለክ ብላ መሮጥ ፈለገች። «አላውቅም» አለች። «ላውቅ ነው የመጣሁት። አላውቅም ይሆናል። ግቢ ካሉኝ እገባለሁ፣ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌው ከበሩ ዘወር አለላት። ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ ከግድግዳው አንድ ፎቶ የወረደበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። ከመሳቢያ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አውጥቶ ሰጣት። ከፈተችው። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ብርጭቆ፣ ከዚያ እንዴት እንደዋለች፤ በየመስመሩ፣ አርባ አራት ቀን ሳይዘለል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ፊደሎቹ ተንጋደዋል።

«ውሰጂው» አላት። «ግን መልሺልኝ። ጽሕፈቱ የሷ ነው።»

«አልወስደውም» አለች ንቢት። ከኮቷ ኪስ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። «ከፈቀዱልኝ እዚሁ እገለብጠዋለሁ።»

ሽማግሌው መስኮቱን ከፈተላት፣ ብርሃን እንዲገባላት፤ እሷም ከመጀመሪያው ቀን ጀመረች።